ማን በላው?

ልብስ ሰፊዋ አማቷን ከልቧ አምናቸው አታውቅም። ክፉ ሆነውባት አይደለም፤ ሲጠየቁ ፈገግ ብለው ዝም ስለሚሉ ነው። ግን የሁለት ዓመት ተኩል ልጇን የሚይዝላት ሌላ ሰው ስላልነበራት፣ ጠዋት ጠዋት ኩኩን ለአያቷ ትታ ወደ ስፌት ቤት ትሄዳለች።

ኩኩ ምግብ ጠላቷ ነው። እናቷ አንድ ማንኪያ ለማጉረስ ቤቱን ሙሉ ስታሳድዳት ትውላለች። አማትየዋ በመጡ በሳምንቱ ግን የልጅቷ ሳህን ባዶ መገኘት ጀመረ።

«ማን በላው?»

«ልጅሽ ናታ!» አሉ፣ ፈገግ ብለው።

ነገሩ አልዋጥላት አለ። የቆሻሻ ቅርጫቱን አገላበጠች፤ ከልጣጭ በቀር ምንም የለም። ልጇን ስታቅፋት የሕፃኗ ጣቶች ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታሉ፤ እጅጌዋ እርጥብ ነው።

«እናትህ ልጄን ሥራ እያሠሯት ይሆን?» አለችው ባሏን።

«ኧረ ባክሽ! ሽንቷን እንኳ መቼ መናገር ቻለችና!» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ አበገናት። በማግስቱ ራሴን አመመኝ ብላ ከሥራ ወጣች። የቤቱን በር ቀስ አድርጋ ከፍታ፣ ድምፅ ሳታሰማ ወደ ኩሽና አጮለቀች።

ኩኩ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ሳፋ በጉልበቶቿ መሃል አድርጋ ድንች ታጥባለች። ከዚያ አያቷ የጥቅል ጎመን ቅጠል ሰጧት። «በጥሺው የኔ እመቤት፣ ትንንሽ አድርጊው።» ልጅቷ ግማሹን ሳህን ላይ፣ ግማሹን አፏ ውስጥ ትከታለች።

እናትየው ያየችው ግን አማቷ እጅ ላይ ያለውን ቢላ ብቻ ነበር። ዘው ብላ ገባች።

«እማማ! ሕፃን ልጅ አጠገብ ቢላ?»

«ቢላው እኔ እጅ ነው። እሷ ጋ ያለው ሳፋ ነው።»

«ታዲያ ለምን ደበቁኝ?»

አማትየዋ አሁን ፈገግ አላሉም። «የመጣሁ ዕለት ‹ልጄ ኩሽና እንዳትገባ› አላልሽኝም? ብነግርሽ ትከለክይኛለሽ። እሷ ደግሞ እጇ ያልነካውን አትበላም።»

ኩኩ ውሃ የሚንጠባጠብ ድንች ዘረጋችላት። «እማ፣ እጠቢ!» ልብስ ሰፊዋ ከነሥራ ልብሷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ምሳ ሲቀርብ ልጅቷ «የኔ ድንች!» እያለች ጠራርጋ በላች። እናቷ ያየችውን ማመን አቅቷት ዓይኗን ከሳህኑ አልነቀለችም።

ከዚያ ወዲህ ኩኩ በግልጽ ኩሽና ትውላለች። ጥርጣሬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ባለች ቁጥር ቤት ትደውላለች።

«እማማ፣ ምድጃው ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል።»

«ቢላውስ?»

«እኔ ጋ ነው።»

«እስቲ ኩኩን ያቅርቡልኝ።»

«ካሮት እያጠበች ነው፤ ለስልክ ጊዜ የላትም።»