ያልተፈቀደልኝ ዘፈን

ጭሮ ውስጥ፣ ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የደረሰበትን ይነግረኛል፤ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይቆጣል፣ ሌላው ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ያወራኛል። እኔ ሰምቼ "ጉዳዩ፦" ብዬ እጀምራለሁ። እዚህ ሥራ ላይ ስምንት ዓመት ሆነኝ። የሜታል ሙዚቃ ግጥም መጻፍ የጀመርኩት በሦስተኛው ዓመት ነው። ያስተማረኝም ማመልከቻ ሊያጽፍ የመጣ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነ ሰው ነበር።

ጊታር አንግቶ ገባ። በከተማችን ኤሌክትሪክ ጊታር ያነገተ ሰው አይቼ ስለማላውቅ የመጣበትን ጉዳይ ትቼ ስለ ጊታሩ ጠየቅኩት። የሚጫወተው ሙዚቃ ሜታል እንደሚባል ነገረኝና በስልኩ አሰማኝ። መጀመሪያ የወፍጮ ቤት ድምፅ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከጩኸቱ ሥር የሚያዝን ዜማ እንዳለ ሰማሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት።

"ግጥም የሚጽፍልኝ ሰው አጣሁ" አለኝ። "በእንግሊዝኛ አልፈልግም። አንተ ስትጽፍ ነው የምትውለው፤ እስቲ ሞክርልኝ።"

የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነበር። አባቱ በልጅነቱ ነው የሞቱት። ታላቅ ወንድሙ የጫት መኪና ሾፌር ነበር፤ እኛ ከመተዋወቃችን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ወደ ሚኤሶ በሚያወርደው ጠመዝማዛ ላይ መኪናው ተገልብጦበት ሞቷል። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል። እሱ ራሱ ቡና ሲደርስ መቻራ ወርዶ ቡና በሚረከብ መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠራል፤ የቀረውን ጊዜ ጭሮ ነው።

መጀመሪያ የጻፍኩለት ግጥም ውስጥ ግንብ ነበር፣ በረዶ ነበር፣ ጨረቃ እያየ የሚያላዝን ተኩላ ነበር። ስልኬ ላይ ካየኋቸው የሜታል ቪዲዮዎች የለቃቀምኩትን ሁሉ ነው የከተትኩበት። አንብቦ ሲጨርስ ሳቁ አላስቆም አለው።

"ወላሂ፣ አንተ በረዶ የምታውቀው ለስላሳ ስትጠጣ ነው" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ደንበኛ ሲቀዘቅዝ እየመጣ ያስተምረኝ ጀመር። አንድ ቀን የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ "'ልብ' እያልክ ጩህ" አለኝ። ጮህኩ፤ ከንፈሬ ላይ ታፍኖ ቀረ። "አሁን ደግሞ 'ደማ' በል።" ድምፄ ወጥቶ መንገድ ላይ ያለ የባጃጅ ሾፌር ዞር ብሎ አየን። የትምህርት ቤቱ ፊደል ገበታ ትዝ አለኝና "ገባኝ፣ ሳድስ አይጮህም፤ የሚጮኸው ራብዕ ነው" አልኩት። ስሙን አያውቀውም ነበር፤ ነገሩን ግን ከእኔ በፊት በጉሮሮው አውቆታል። ረጃጅም ግሦቼንም ቆራረጠልኝ። "'ሆኖ ስላገኘሁት' ብለህ ለዳኛ ጻፍ፤ ጊታሩ እስክትጨርስ ቆሞ አይጠብቅህም" ይለኝ ነበር።

ለወራት ሞከርኩ። ቃሎቹ አጠሩ፣ ቤት መታ፣ ጩኸቱም ቦታ ቦታውን ያዘ። ግን ባዶ ነበር። እሱም አልደበቀኝም።

"እዚህ አግዳሚ ላይ ስንት ሰው ያለቅስብሃል?" አለኝ። "ለምን የሰማኸውን አትጽፍም?"

በዚያ ሰሞን ትልቅ ሞንታርቦ ልንዋስ አብረን ወደ በደሳ ሄድን። መንገድ ላይ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳና ሁላችንም ወርደን ግራር ሥር ተቀመጥን። ጎማው ሲቀየር አንድ ጫት የጫነ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ፣ አቧራውን አልብሶን አለፈ። እሱ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ አየው። ከዚያ ሳልጠይቀው ነገረኝ።

"የዚያን ዕለት ወንድሜ ቤት መጥቶ 'ኮቱ' አለኝ። ና፣ አብረን እንሂድ ማለቱ ነው። ሁለት ቀን አልተኛም ነበር፤ እያወራሁ እንዳነቃው ፈልጎ ነው። የጊታሬን ክር እየቀየርኩ ነበር። አልሄድም አልኩት።" መሬቱን በጫማው ጫረ። "እናቴ አታውቅም። ብቻውን መሄድ ፈለገ ብያታለሁ። ለሰው ስናገር አንተ የመጀመሪያዬ ነህ።"

"አላህ ይርሀመው" አልኩ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ጭሮ ያደገ ሰው ለጎረቤቱ የሚለውን ያውቃል። እሱም "አሚን" አለና ወደ ሚኒባሱ ተመለስን።

ግጥሙን የጻፍኩት በሳምንቱ ነው። አንድ የፍርድ ቤት ይግባኝ ጀምሬ ነበር፤ እሱን ገፋ አድርጌ በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት። አንዱ አንጓ ይህ ነው፦

ሁለት ቀን ያልተኛ ዓይን፣
ወንድሜ "ና" አለኝ፣
እንቢ አልኩ።
ክር ልወጥር ብዬ
እንቢ አልኩ።

"ና" ራብዕ ነው። አንድ ፊደል ሆኖ ሙሉ ትንፋሽ ይበላል። ያን ያህል ወር የፈለግኩትን እንዳገኘሁ ወዲያው አወቅኩ፤ ደስታዬ የማንን ነገር እንደጻፍኩ አስረሳኝ። እውነቱን ለመናገር አላስረሳኝም፤ ማሰብ አልፈለግኩም።

እሱ ያኔ ለቡና ሥራ መቻራ ወርዶ ነበር። ቀደም ሲል የቀዳው የጊታር ድምፅ ኮምፒውተሬ ላይ ነበር። ድምፄን በላዩ ቀዳሁ፤ ሲመለስ አስደንቀዋለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። መጠበቅ ግን አቃተኝ። ለሦስት ሰዎች ላክሁት። ከስልክ ስልክ እየተላለፈ በሁለት ሳምንት ውስጥ የባጃጅ ሾፌሮች ጫት ተራ አካባቢ ከፍ አድርገው ይከፍቱት ጀመር። ሜታል የማይወዱት ሳይቀሩ በሌላኛው አንጓ አደጋው የደረሰበት ጠመዝማዛ ስም ሲጠራ ጆሯቸውን ይሰጣሉ።

አንድ ጠዋት እናቱ ሱቄ መጡ። ፈገግ ብለው ነበር።

"ባጃጅ ውስጥ ሰማሁት" አሉኝ። "ጊታሩ የልጄ ነው፤ አወቅሁት። ሾፌሩ ስለ ትልቁ ልጅሽ ነው የተዘፈነው አለኝ። አላህ ይስጥህ ልጄ፣ አልረሳችሁትም።" አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። "ግን ጩኸት ነው፤ ቃሉ አይሰማኝም። አንብብልኝ።"

ወደዚያ ቅጽበት ብዙ ጊዜ እመለሳለሁ። ወረቀቱ የለም ማለት እችል ነበር። ያቺን አንድ አንጓ መዝለልም እችል ነበር፤ ማን ያውቅብኛል? የሰው ማመልከቻ ሳነብ የሚጎዳውን ዓረፍተ ነገር ስንቴ አለስልሼ አንብቤያለሁ። አልዘለልኩም። ሴትዮዋ ግጥሙ ምን ያህል እንደሚያምር እንዲሰሙልኝ ፈልጌ ነበር። ከሁሉም የማፍረው በዚህ ነው።

አነበብኩላቸው። "እንቢ አልኩ" የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

"ማነው እንቢ ያለው?"

ወረቀቱን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እሳቸው ግን ገባቸው።

"ኢልመ ኮ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። የትኛውን እንደሆነ ግን ቀጥሎ ነው የገባኝ። "ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ይዞት? ከኔ ጋር እየበላ፣ ከኔ ጋር እያደረ?" ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። ወደ በሩ ሲሄዱ ግድግዳውን ይዘው ነበር። በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና መቻራ ወረዱ።

እሱ ከአሥር ቀን በኋላ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸም።

"የሰማኸውን ጻፍ ብለኸኝ ነበር" አልኩት፣ ገና ሳይናገር።

"የሰማኸውን አልኩ እንጂ፣ የነገርኩህን አልኩ?" አለኝ። ቀጠለና "እናቴ አልተቆጣችኝም። አቅፋኝ አለቀሰች። ቢሆንም ልነግራት የሚገባው እኔ ነበርኩ። ቀኑን እየጠበቅኩ ነበር" አለ። የእሱን የጊታር ቅጂዎች በሙሉ ከኮምፒውተሬ ላይ እንዳጠፋ ጠየቀኝ። አጠገቡ ሆኜ አጠፋሁ። ዘፈኑን ግን ከሰው ስልክ ላይ ማን ያጠፋዋል?

ያን ዓመት እናቱን ይዞ ጠቅልሎ መቻራ ገባ። አገባም። አምና በበጋ አንድ ሰነድ ላደርስ ወደዚያ ስሄድ መጋዘኑን ጠይቄ አገኘሁት። በደንብ ተቀበለኝ፤ ቤቱ ወስዶ ምሳ አበላኝ። ለሚስቱ ሲያስተዋውቀኝ "ጭሮ የማውቀው ሰው ነው" አለ። እናቱ ስለ ጤንነቴ ጠየቁኝ፤ ስለ ሌላ ነገር አላነሱም። በቤቱ ውስጥ ጊታር አላየሁም፤ የት እንዳደረሰውም ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ሲሸኘኝ በሩ ላይ "አውፍ በለኝ" አልኩት። ይቅርታ የጠየቅኩት ያኔ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ።

"አውፍ ብዬሃለሁ፤ ቆየ እኮ" አለኝ። "ግን ካንተ ጋር ሳወራ ቃሌን እየመረጥኩ ነው። አታይም?"

አይቼ ነበር። ምሳውን ሁሉ ስለ ዝናብና ስለ መንገዱ ብቻ ነበር ያወራነው።

አሁንም እጽፋለሁ። ድሬዳዋ ያሉ ልጆች አራት ግጥም ወስደው ሠርተውልኛል። በሙያው ከሄድን ከድሮው ይሻላሉ፤ ቃሉ አጭር ነው፣ ጩኸቱ ቦታውን አይስትም። ሰው የትኛው ሥራህን ትወዳለህ ሲለኝ ከአራቱ አንዱን እጠራለሁ። ውሸቴን ነው። ከዚያኛው የተሻለ እስከ ዛሬ አልጻፍኩም።