የጠፈር ጉባኤው የአቋም መግለጫ

ኪዳነወልድ ቀን ቀን አዳማ ከተማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነው። ስለ ቦይ ጠረጋና ስለ ችግኝ ተከላ ዜና ይሠራል፣ ለኃላፊዎች ንግግር ያዘጋጃል። ማታ ማታ ግን ጓዳ ገብቶ በሩን ዘግቶ ማርስ ላይ ስለሰፈሩ ሐበሾች ልብወለድ ይጽፋል። ሚስቱ «እዚያም ውሃው በፈረቃ ነው እንዴ?» እያለች ትተርበዋለች። እሱ አይስቅም። ቀልድ የሚባል ነገር እንዳልፈጠረበት እሱም ያውቃል፣ አዳማም ታውቃለች።

ልብወለዱን ጨርሶ ለጋሽ ሽኩር ከላከው ቆይቷል። ጋሽ ሽኩር ቢሾፍቱ ሐይቁ አፋፍ ላይ የሚኖሩ አዛውንት ደራሲ ናቸው፤ የጠፈር መጻሕፍታቸውን ኪዳነወልድ ተማሪ ሳለ ከዴስክ ሥር እየደበቀ ነው ያነበባቸው። መልስ አልላኩም፣ ስልክም አያነሱም። እሱም ቢቸግረው ደራርቱን አማከረ። ደራርቱ የፀጉር ቤት ባለቤት ናት፤ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ለተቀመጠች ደንበኛ ሁሉ ስለ ጠፈሩ ጥቁር ጉድጓድ ካልተረከች አይሆንላትም። ሁለቱ ሆነው የሳይንስ ልብወለድ አፍቃሪዎችን ማኅበር መሠረቱ፣ ጉባኤ ጠሩ፣ ጋሽ ሽኩርንም በክብር እንግድነት ጋበዙ። ደራርቱ ይህን ያደረገችው የጠፈር ታሪክ ከልቧ ስለምትወድ ነው። ኪዳነወልድ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሽማግሌው ዓይን ዓይኑን እያዩ «አንተ ደራሲ ነህ» እንዲሉት።

ነገሩ የተበላሸው አዳራሽ ፍለጋ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ «በጋራ እናዘጋጀው» ብሎ አንዱን የሆቴል አዳራሽ ያዘለትና ጉባኤው በዚያው ስብሰባ ሆኖ ቀረ። አዳማ መቼም ስብሰባ ታውቅበታለች። ባነሩ ተሰቀለ፣ የታሸገ ውሃ ተደረደረ፣ የፊት ወንበሮች ላይ «የክብር እንግዳ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ኃላፊው እንደ ልማዱ አልመጣም፤ ተወካዩን አቶ ማስረሻን ላከ። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ በቆርቆሮ የተሠራ የሮቦት ልብስ ለብሶ የመጣውን የማኅበሩ አባል ጫምሳን ደግሞ በር ላይ ያለው ፈታሽ «ጭንቅላትህን አውልቅና እለፍ» ብሎ አስቆመው። ከዚያ በኋላ ጫምሳ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቱን ታቅፎ ተቀመጠ።

የመክፈቻውን ንግግር የጻፈው ራሱ ኪዳነወልድ ነው፤ አጭር ነበር። አቶ ማስረሻ ግን ወረቀቱን አጠፈና ከራሱ ጨመረበት። ከሳይንስ ተነስቶ ስንዴ ላይ ደረሰ፣ ከስንዴ ኮብልስቶን ላይ፣ ከኮብልስቶን ወጣቱ ስለሚጠበቅበት ነገር፤ ከዚያም ተመልሶ ስንዴ። ሰው ስልኩን ይጎረጉራል። ጋሽ ሽኩር የሰጧቸውን አበባ ጭናቸው ላይ አድርገው አንቀላፉ።

ረፋዱ አልቆ ተራው የእሳቸው ሲሆን አዳራሹ ነቃ። ኪዳነወልድ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። ይህችን ሰዓት ስንት ወር ጠብቋታል! ልክ ያኔ አቶ ማስረሻ በጣቱ ጠራውና የአቋም መግለጫው የት እንዳለ ጠየቀው። ኪዳነወልድ እንዲህ ዓይነት ጉባኤ መግለጫ እንደማያስፈልገው፣ ጋሽ ሽኩርን መስማት እንደሚፈልግም በለሆሳስ ነገረው።

«ጉባኤ ያለ አቋም መግለጫ እንዴት ይዘጋል?» አለው አቶ ማስረሻ። «ውጣና አርቅቅ።»

ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በዝግ በር የሰው ሳቅ ይሰማዋል፣ ሽማግሌው ያሉት ግን አይሰማም። የአቋም መግለጫ ሲነበብ የሚያዳምጥ ፍጡር እንደሌለ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ እሱ ራሱ ስንቱን ጽፎ አንዱንም አዳምጦ አያውቅም። ስለዚህ እንደመጣለት ለቀቀው። በሕይወቱ ሳይሰርዝና ሳይደልዝ የጻፈው ይህን ብቻ ነው።

ደራርቱ ተቀብላው ሳታየው መድረክ ላይ ወጣችና ማንበብ ጀመረች። «እኛ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ ከሌሎች ፕላኔቶች የሚመጡ እንግዶችን መሸኛ ደብዳቤ ሳንጠይቅ ለመቀበል ቃል እንገባለን!» ተጨበጨበ። «ጨረቃ ላይ የጨረቃ ቤት የሚሠሩ ሕገወጦችን አጥብቀን እናወግዛለን!» አሁንም ተጨበጨበ። ደራርቱ ሳቋን እየዋጠች ቀጠለች። «ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስ መኪና በተሠራ ዕለት፣ ወደ ዛሬ ጠዋት ተመልሰን የመክፈቻ ንግግሩን ዳግም ላለመስማት በአንድነት እንታገላለን!» ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው አቶ ማስረሻ ነው፤ «በአንድነት እንታገላለን» የምትለዋን ብቻ ሰምቶ። መግለጫው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሳያጨበጭቡ የቀሩት ጋሽ ሽኩር ብቻ ነበሩ፤ እጃቸውን የያዘባቸው የሳቅ እንባቸውን መጥረግ ነው።

ሲሸኟቸው መኪናቸው አጠገብ ቆም አሉና ኪዳነወልድን በክንዱ ያዙት። አቶ ማስረሻም ለፎቶ እንዲመቸው ከጎናቸው ተጠግቶ ቆሟል።

«ልብወለድህን አንብቤዋለሁ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ሽኩር። «ማርስ ላይ ያሰፈርካቸው ሰዎች ሲጣሉም ‹ከዚህ ጋር በተያያዘ› ይላሉ። ልጁና ልጅቷ ሲሳሳሙ እንኳ ‹በቀጣይ ተቀራርበው ለመሥራት ተስማሙ› ብለህ ጽፈሃል። አትቀየመኝና እሱን ተወው።»

ኪዳነወልድ ጆሮው ጋለ። ጫማውን ያያል።

«ይልቅ ያን የአቋም መግለጫ ማን ጻፈው?» አሉ ሽማግሌው። «እንዲህ የሚጽፍ ሰው ካየሁ ዘመን ሆኖኛል። ያ ሰው ደራሲ ነው።»

ለዚህች ቃል ነበር ይህ ሁሉ ልፋት። ኪዳነወልድ አፉን ከፈተ። አጠገቡ ግን አቶ ማስረሻ አለ፤ ስለ መክፈቻ ንግግሩ የተጻፈውን ያልሰማ፣ አሁን ግን ጆሮውን ያቆመ አለቃ። የሕዝብ ግንኙነት ሰው በገዛ ስሙ ተናግሮ አያውቅም፤ ምላሱም የለመደችውን አመጣች።

«የኮሚቴው ሥራ ነው» አለ።

«የኮሚቴው ሰብሳቢስ ማን ነው?»

አቶ ማስረሻ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈና አንገቱን በትሕትና ሰበር አደረገ። የትኛውም ኮሚቴ ይሁን፣ ሰብሳቢው እሱ መሆኑን ተጠራጥሮ አያውቅም። ጋሽ ሽኩር በሁለት እጃቸው ጨበጡት፣ ትከሻውን ሳሙት። ከመኪናቸው የመጨረሻ መጽሐፋቸውን አንድ ቅጂ አወጡና «ለደራሲው ወንድሜ» ብለው ፈርመው ሰጡት።

እስክሪብቶ ያዋሳቸው ኪዳነወልድ ነበር።