ጠመኔና የሐምሌ ጣሪያ

በሐምሌ ወር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ወጥቶ በጠመኔ ምልክት ያደረገ ሰው በአራዳ አንድ ብቻ ነው። እሱም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ በቀበሌያችን መሠረተ ትምህርት አስተምር ስለነበር ኪሴ ከጠመኔ ተለይቶ አያውቅም። አሁን ሳስበው መማር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ከፒያሳ ዝቅ ብላ ያለችው የሰፈራችን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያዋ ዝጎ መቅደሱ ውስጥ ያፈስ ጀመር። የምታከራያቸው ቤቶች ስለተወረሱ ገቢ የላትም። ቆርቆሮ የሚገኘው በፈቃድ ነው፤ ስንት ቀን ደጅ ጠንተን የተሰጠን ሁለት ብቻ ነበር። በሁለት ቆርቆሮ ጣሪያ አይቀየርም፤ እየቆረጡ ቀዳዳ መድፈን ነው እንጂ።

አስተዳዳሪው፣ የንስሐ አባቴም የነበሩት ሽማግሌ ቄስ፣ እንቅልፍ አጡ። ጠብታው መንበሩ ላይ ሊደርስ አንድ ስንዝር ቀርቶታል።

«ከነካው ታቦቱን ወደ ሌላ ደብር ማስወጣታችን ነው» አሉኝ። «በዚህ ጊዜ አንዴ የተዘጋ ቤት ማን መልሶ ይከፍትልኛል?»

ቀዳዳው ከላይ አይለይም፤ ከውስጥ ግን ፀሐይ ስትወጣ እንደ ኮከብ ያበራል። መቅደስ መግባት ደግሞ ክህነት ይጠይቃል፤ እኔም በማግስቱ የሚመጣው ቆርቆሮ ሠሪም የለንም። ስለዚህ እሳቸው በዚያ በታመመ ጉልበታቸው መቅደሱ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥተው በሸምበቆ ቆርቆሮውን ከሥር ኳ ያደርጉታል፤ እኔ ከላይ ድምፁን ተከትዬ ምልክት አደርጋለሁ። አሥራ አንድ ቀዳዳ! ሁሉንም በጠመኔ ከብቤ እንደ ጀግና ወረድኩ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ።

በማግስቱ ቅዳሴ እንዳለቀ ቆርቆሮ ሠሪው ወጣ። ከዚያች ቀን በኋላ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለሚሄድ ሌላ ጊዜ የለውም።

«ጋሼ፣ ምልክቱ የታለ?»

«ነጭ ነጩ ነዋ!»

«ምን ነጭ አለ? የእርግቦቹ ኩስ እንኳ ታጥቧል። በምን ነበር ያደረጉት?»

«በ... ጠመኔ።»

«በሐምሌ? በጣትዎ ነካ ነካ ቢያደርጉት አይሻልም ነበር?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባታችን ቀና ብለው ፀሐይዋንና የሚመጣውን ደመና አዩ። «መሰላሉን አምጣ» አሉ፤ እህል ሳይቀምሱ ተመልሰው ገቡ።

እኔም ቆርቆሮ ላቀብል ጣሪያው ላይ ወጣሁ፤ ኳ ሲሉ ቆርቆሮ ሠሪው እዚያው ይደፍናል። በየመካከሉ «እህህ» የሚለው ድምፃቸው ከሥር ይሰማኛል፤ ያ ድምፅ ከስድብ ይብሳል። አሥረኛዋ እንደተደፈነች ፀሐይዋ ጠፋች። በቃ አሥራ አንደኛዋ ቀረች ስል፣ ኳ! ለካ ያችኛዋ መንበሩ አጠገብ የምታፈሰው ናት፤ ሥሯ ሳህን ይዘው ስንት ጊዜ ቆመዋል፤ በጨለማም አይስቷትም።

ገና ከጣሪያው ሳንወርድ ዝናቡ ጀመረ። አባታችን እዚያው መቅደስ ውስጥ ቆዩ፤ እኔ ወርጄ በሩ ላይ ጠበቅሁ። ሲወጡ ደረቅ መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ።

«ጠብ አላለችም። አንተ ግን ሽማግሌ ሁለቴ መሰላል ላይ አውጥተሃልና አርባ ስግደት!»

እዚያው ጀመርኩ። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ወገቤ ቀጭ አለ። በብብቴ ይዘው እየሳቁ አነሡኝ።

«ተው ልጄ፣ አንተን የምንጠግንበት ቆርቆሮ የለንም። የቀረውን ሲሻልህ ትሰግዳለህ።»

እሳቸው ካረፉ ቆዩ። ቤተ ክርስቲያኗ ዛሬም ይቀደስባታል። እኔ ግን በአዘቦት ቀን ሁሉ ጉልበቴን ያመኛል፤ በተሻለኝ ቀን ደግሞ በዓል ይሆንና አይሰገድም። ሰባት አለብኝ።