የዓሣውን ውሃ ስመረምር ያየችኝ እናት

ዛሬ አንዲት እናት ጀሪካኗን እግሬ ሥር አስቀምጣ «እትዬ፣ የእኛንም ይመርምሩልን» ስትለኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሱዳን ገዳሪፍ ከተማ የምሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ የቀይ ባሕር ዓሣና ኮራል በመስታወት ገንዳ ይኖራሉ። ባለቤቱ ወደ ፖርት ሱዳን ሲሄድ አደራውን በእኔ ላይ ጣለው።

ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ነፍስ አለው። አጥንቱን የሚሠራው ከውሃው ካልሲየም ነው፤ አልካሊኒቲ የሚሉት፣ ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም፣ ካነሰ ግን ካልሲየሙ ቢሞላም ማደግ ያቆማል።

ጠዋት ብርሃን ፍለጋ በር ላይ ቁጭ ብዬ፣ መመርመሪያውን በብልቃጥ ውሃ ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ካልሲየሙ ደህና ነው፤ አልካሊኒቲው ወርዷል። እሱን የሚያነሣውን የዳቦ ሶዳ ልበጥብጥለት ተነሣሁ። (ለራሴ ወጥ እንኳ ጨው እንዲህ ለክቼ አላውቅም!)

ሴትዮዋ ከጦርነቱ ሸሽታ አጥራችን ማዶ በሸራ የተጠለለች ናት። ርሃቡ አልበቃ ብሎ ኮሌራ ገብቷል። ብልቃጤን ስታይ የጤና ሠራተኛ መሰልኳት።

«ከኩሬ የቀዳሁት ነው። ለልጄ ላጠጣው ወይስ ይቅር?»

«እህቴ፣ ይሄ የዓሣ መመርመሪያ ነው። በሽታ አያሳይም።»

«የዓሣ?» አለች። አልተቆጣችም። «ታድሎ!»

ብትሰድበኝ ይሻል ነበር፣ ወላሂ። ስንት ጠዋት እዚያው በር ላይ ለዓሣ ስለካ፣ ማዶ ያሉት ምን እንደሚጠጡ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

ጀሪካኑን ተቀብዬ ውሃውን አፈላሁላት። ለዛሬ ይሆናል፤ ነገስ?

ገዳሪፍ ያላችሁ፣ የሰው ውሃ የሚመረምር የት ይገኛል? እንደኔ ዓይኑ ሥር ያለውን ሳያይ የኖረ ካለም ይጻፍልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።