ሌባ ያለኝን ሰው ጥሩልኝ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የንግሥ በዓል ሲቃረብ ነው። አልረሳውም፤ በዕድሜዬ ሌባ የተባልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቂርያት መናሔም በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቴ በጥልፍ መኪና እሠራለሁ። የምጠልፈውን ሥዕል ወደ ስፌት የሚቀይርልኝ ገዝቼ ኮምፒውተሬ ላይ የጫንኩት ፕሮግራም ነው። በዚያ ሰሞን የኢትዮጵያ ጎዳና ካለው ገዳም አንዲት እማሆይ የመቅደስ መጋረጃ አዘውኝ ነበር።

ሥራውን እንደጀመርኩ ኮምፒውተሩ ተበላሸ። ጠጋኙ ማዘርቦርዱን፣ ዋናውን ሰሌዳ ቀየረልኝ። ሲነሳ ግን ፕሮግራሙ «ይህ ፈቃድ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ነው» ብሎ ተቆለፈ። የፈቃዱን ቁጥር ደግሜ አስገባሁ። አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። እምቢ አለ።

ወደሸጠልኝ ድርጅት ደወልኩ። ያነሳው ወጣት የአማርኛ ቅላፄ ያለውን የዕብራይስጥ አነጋገሬን ሰማና ቁጥሩን ከማን እንዳገኘሁት ጠየቀኝ። ከእናንተ ገዝቼ ነው አልኩት።

«ሌባ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

ጠጋኙ አዘነልኝና ያለ ፈቃድ የሚሠራ ቅጂ በነፃ ልጫንልሽ አለኝ። አልፈለግሁም። ያንን ብጭንማ ሰውየው እውነቱን ነበር ማለት ነው።

መጋረጃው ሊዘገይ እንደሚችል ለመንገር ወደ እማሆይ ሄድኩ። ቻይው የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። የሆነውን ሁሉ አዳመጡኝና፣

«መጋረጃው ይቆይ፣ ልጄ። ሌባ ተብለሽ ግን ዝም አትበይ» አሉኝ።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ታቅፌ በአውቶቡስ መሃል ከተማ ወረድኩና ድርጅቱ ቢሮ ገባሁ። እዚህ ባለጉዳይ አናስተናግድም፣ በስልክ ነው አሉኝ። በስልኩማ ተሰድቤበታለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ሲሰለቻቸው ኃላፊዋን ጠሩልኝ።

ስሜን ከገዢዎቻቸው መሃል አገኘችው። ለካ ማዘርቦርዱ ሲቀየር ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ ቆጥሮት ኖሯል። የድሮውን ምዝገባ ስትሰርዘው ወዲያው ተከፈተ። ጨርሰናል፣ መሄድ ትችያለሽ አለችኝ።

አልተነሳሁም። ሌባ ያለኝን ሰው ጥሩልኝ አልኳት። ልታባብለኝ ሞከረች፤ እምቢ ስላት አስጠራችው። መጥቶ የሥራ ስህተት ነው ሊለኝ ጀመረ።

«ስህተቱ የኮምፒውተሩ ነው። ሌባ ያልከኝ ግን አንተ ነህ» አልኩት።

ከዚያ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

መጋረጃው ለበዓሉ ደረሰ። እህቴ እስከ ዛሬ፣ ለአንድ ቃል ብለሽ ይህን ያህል ትለኛለች። ትበል። ነገም እንደዚያ የሚለኝ ቢኖር፣ ቢሮው ድረስ ሄጄ እቀመጥበታለሁ።