ዘመድ የሌለበት ከተማ

ዘሀራ ይመር የዓመት እረፍት መጠየቂያ ቅጹን ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። ስም፣ የሥራ ክፍል፣ የቀን ብዛት፤ እስከዚያ ድረስ ችግር አልነበረም። ችግሩ «ምክንያት» የምትለዋ መስመር ላይ ነበር። ሌላው ሠራተኛ አንድ ነገር ጫር አድርጎ ያልፋታል። ዘሀራ ግን የተጠየቀችውን በትክክል ካልመለሰች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት፤ በዚያ ላይ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ለዚህች መስመር መልስ አጥታ አታውቅም። «የእህቴ ወሊድ» ብላ አራት ጊዜ ጽፋለች። «የወንድሜ ሠርግ» ብላ ሁለት ጊዜ፤ የመጀመሪያው ትዳር ስላልሰመረ። «አዝመራ» ያለችበትን ቁጥር እሷም አታስታውሰው። ከዚያ ሦስት ዓመት በተከታታይ «የእናቴ ሕመም»፣ አምና ደግሞ «ሐዘን»።

ዘንድሮ የወለደም፣ ያገባም፣ የታመመም አልነበረም። ወንድሟ በትውልድ ቦታቸው በሐርቡ ያለውን ማሳ ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ነግዶ ያድራል። ዘሀራ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አግብታ ፈትታለች፣ ልጅ የላትም፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም የማይፈልገው የእረፍት ቀን እጇ ላይ ወድቆ ነበር።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችው የሰው ኃይል ክፍሉን ወንድምአገኘሁን።

«ምን ልታደርጊ ነው የምትወጪው?»

«ሐረርን ላያት።»

ወንድምአገኘሁ ቀና አለ። «ማን አለሽ እዚያ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

ይህችን «ታዲያ» ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያልሰማችበት ቀን የለም። ወንድምአገኘሁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙ ካሰበ በኋላ ቅጹን ተቀብሏት «የግል ጉዳይ» ብሎ ራሱ ጻፈላት። ዘሀራ ያጭበረበረች ያህል እየተሰማት ወጣች።

ለምን ሐረር ተባለ ካላችሁ፣ ነገሩ ከሥራዋ ይመጣል። ዘሀራ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ጨርቅ መርማሪ ናት። ጨርቁ መብራት ባለበት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ በፊቷ ሲያልፍ ክር የተበጠሰበትን፣ ዘይት የነካውን፣ የሳሳውን እያየች ምልክት ታደርግበታለች። የሚያልፈው ጨርቅ ደግሞ ነጭ ነው። ከቀለም ቤቱ በፊት ያለ ክፍል ስለሆነ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያየችው ነጭ ነው። አንድ ቀን በሻይ ሰዓት አንዲት ባልደረባዋ በስልኳ የሐረርን ቪዲዮ አሳየቻት፤ ግድግዳቸው ሮዝና አረንጓዴ የተቀባ ጠባብ መንገዶች፣ የልብስ ስፌት መኪና በር ላይ የደረደሩ ሰፊዎች፣ ብርቱካንማና ሐምራዊ ልብስ ለብሰው ቅመም የሚሸጡ ሴቶች፣ ግድግዳው ሙሉ በስፌት ሰሃን ያሸበረቀ ቤት። ዘሀራ ቪዲዮውን አስደግማ አየችው። ከዚያ በኋላ ጅማንም፣ አርባ ምንጭንም፣ ጎንደርንም በየተራ አሰበቻቸው፤ ልቧ ግን ሐረር ላይ ቀረ።

የምትፈልገውም ብዙ አልነበረም። ስምንት ቀን ወስዳለች፤ አራቱን መንገዱ ይበላዋል። የቀሩት አራት ቀናት የሷ እንዲሆኑ ነበር የምትፈልገው። በገበያው መሐል ቀስ ብላ መሄድ፣ ሲደክማት መቀመጥ፣ ማንም «ዘሀራ፣ እስቲ ያንን አቀብይኝ» የማይላት አራት ቀን።

እሑድ ደሴ ወጣች። እህቷ ከይሪያ ሸዋ በር አካባቢ ነው የምትኖረው፤ በስምንት ዓመት ታንሳታለች፣ ባሏ ሙንዚር ሱቅ አለው፣ አራት ልጆች አሏቸው። ከይሪያ ዘመድ ነፍሷ ነው። የማን ልጅ ማንን እንዳገባ፣ ማን የት እንደሰፈረ፣ ለማን ለቅሶ ማን እንደቀረ ከነቀኑ ታውቃለች። ስሟን ደግሞ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው፤ ከይሪያ ቤት ደርሶ ሳይበላ የወጣ፣ ከይሪያ ሳትጠይቀው የታመመ ሰው የለም። ዘሀራ ወሬውን የነገረቻት ወጥ ቤት ውስጥ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነው። ላጪልኝ ያላት የለም፤ እጇ ራሱ አንስቶት ነው።

«ሐረር? ለዚያራ ነው? የወሊዮቹን መቃብር ልትዘይሪ?» አለች ከይሪያ።

«አይ፣ ከተማውን ለማየት ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ከይሪያ ትክ ብላ አየቻት። «እታለም፣ ሐኪም ቤት ነው አይደል የምትሄጂው? ንገሪኝ፣ ወላሂ አልደነግጥም» አለች፣ ደንግጣ።

ጤነኛ መሆኗን ለማሳመን ምሳ እስኪቀርብ ድረስ ጊዜ ፈጀ። ከይሪያ ስታምን ግን የባሰ መጣ፤ ማገዝ ጀመረች። ሐሙስ ዕለት ዘሀራ ከሥራ ስትወጣ ደወለች።

«አብሽሪ፣ ሰው ተገኘ» አለች በደስታ። «አያ ኑርሁሴን! የአባታችን አጎት ልጅ፤ ከሐርቡ ከወጣ ሠላሳ ዓመቱ። ሐረር ትልቅ ቤት አለው። ትምጣ፣ ቤቷ ነው፣ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላታለሁ ብሏል። ሚስቱ ደግሞ እጇን ተሰብራ ቤቱ ሰው ጠፍቶበት ነበር። ስነግረው ምን አለኝ መሰለሽ? አላህ ነው የላካት አለ።»

ዘሀራ የፋብሪካው አጥር ሥር ቆማ ቀረች። ኑርሁሴንን አይታው አታውቅም፤ ወጥ ቤቱን ግን ወለል አድርጋ አየችው። ድስቶቹ ሳይቀሩ ታዩዋት።

እምቢ ማለት አታውቅበትምና ዞር ማለትን መረጠች። «ሐረርን ትቼዋለሁ፣ ጅማ ብሄድ ይሻላል» አለች። ከይሪያ ለጅማ ሁለት ቀን እንኳ አልፈጀባትም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ የወሎ ሰው ለሰፈራ ያልሄደበት አገር ስለሌለ፣ ከጅማ ወዲያ የሙንዚር አክስት ልጆች ተገኙ፤ ሦስት ቤት ናቸው፣ በየቤቱ አንድ አንድ ቀን ካላደረች ይቀየማሉ። «አርባ ምንጭስ?» ስትል ሙንዚር ወታደር በነበረ ጊዜ አብሮት የነበረ ሰው ተገኘ፤ እሱም በከይሪያ ሒሳብ ዘመድ ነው። ዘሀራ አንድ ምሽት አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ የአገሩን ከተሞች አንድ በአንድ ስትቆጥር ዘመድ የሌለበት ከተማ አጣች። መቼም ዘመድ መብዛቱ ጸጋ ነው፤ እሷም አልካደችም። ደክሟት ነው እንጂ።

በመጨረሻ ደፈረች። «ከይሪያ፣ ሐረር ነው የምሄደው። የማድረው ግን ሆቴል ነው» አለቻት በስልክ። ሆቴል አድራ አታውቅም፤ ቃሉን ስትናገር ድምፅዋ ራሱ እንግዳ ሆነባት።

ከይሪያ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ሲገባት ግን ተናገረች። «የሥጋ ዘመድ ቤት እያለ ሆቴል? ሰው ምን ይለናል? ኑርሁሴን ሐርቡ ደውሎ የይመር ልጅ ቤቴን ንቃ ሆቴል አደረች ቢል፣ ምን ብዬ ነው ቀና የምለው?» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እታለም፣ እውነቱን ንገሪኝ። ከእኛ ነው የምትሸሺው?»

ዘሀራ የተጠየቀችውን በትክክል የምትመልስ ሴት ናት ብያለሁ። «አዎ» አለች።

ስልኩ ተዘጋ። ከይሪያ ዘጠኝ ቀን አልደወለችም። ዘሀራ ስትደውል ልጆቹ ያነሱና «እማ ሰላት ላይ ናት» ይላሉ፤ በዚያ ሳምንት የተሰገደው ሰላት ለዓመት ይበቃል። ዘሀራ በሥራ ላይ ሁለት ጊዜ የዘይት ነጠብጣብ አመለጣት፤ እንዲህ ሆና አታውቅም። አንድ ቀን ቅጹን ልትሰርዝ ወንድምአገኘሁ በር ድረስ ሄዳ ተመለሰች። እህቷን የሚያህል ነገር የላትም፤ ከእናታቸው ቀጥሎ ከይሪያን ያሳደገቻት እሷ ናት። ቢሆንም የተናገረችው እውነት ስለነበር መልሳ ልትውጠው አልቻለችም።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከዐሥር ሰላት በኋላ በሯ ተንኳኳ። ከይሪያ ናት። ከደሴ የሚወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሁልጊዜ ስለሚያዞራት ፊቷ አመድ መስሏል። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ረጅም ነበር፣ ሁለቱም ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሉ ስላላወቁ አስረዘሙት። ዘሀራ ሻይ ልትጥድ ተነሣች።

«ተቀመጪ» አለች ከይሪያ።

ተቀመጠች። እጇ ግን አጠገቧ ያለውን ሻርፕ አንስቶ ማጠፍ ጀመረ።

«እሱንም ተዪው።»

ተወችው።

«ተቀይሜሽ ነበር» አለች ከይሪያ። «ምን አድርገናት ነው የምትሸሸን ብዬ ሌሊትም ቀንም አሰብኩ። ምን በድለናታል? እሷ ስትመጣ ቤታችን እንዴት ነው የሚሞቀው! እያልኩ። ከዚያ እስቲ አንቺ እኔ ቤት መጥተሽ የተቀመጥሽበትን አንድ ቀን ላስታውስ አልኩ። እንግዳ ሆነሽ፣ በልተሽ፣ አውርተሽ ብቻ የሄድሽበትን። ሦስት ቀን አሰብኩ፣ እታለም። አራቱንም ስወልድ ነበርሽ። ልጆቹ ሲታመሙ ነበርሽ። ለኢድ እንኳ ስትመጪ በሩን ሳትዘጊ እጅጌሽን ትሰበስቢያለሽ። አንድ ቀን አጣሁ። ወላሂ አንድ ቀን አጣሁ።»

ዘሀራ ልታጽናናት አፏን ከፈተች፤ እሷን ማጽናናትም ሥራዋ ነበርና። ከይሪያ በእጇ ከለከለቻት፤ ስልኳን አወጣች። ከመደወሏ በፊት ግን ቀና ብላ፣ «አያ ኑርሁሴን ቤት እንዳትሄጂ» አለች ቆጣ ብላ። «ሰማሽ? እዚያ ቤት አትረግጪም።»

ዘሀራ ግራ ገባት። ስልኩ ጮኸ፣ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። ከይሪያ የደህንነት ጥያቄውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ጠየቀች፤ የሚስቱን እጅ፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የዝናቡን ነገር። ከዚያ ትንፋሽ ወሰደች።

«አያ ኑርሁሴን፣ ዘሀራ እናንተ ቤት አትመጣም። እኔ ነኝ እንዳትሄድ ያልኳት።»

«አንቺ?» አለ ድምፁ።

«አዎ፣ እኔ። እሷ ጥፋት የለባትም። አፉ ይበሉኝ።»

«ቤት አዘጋጅቼ እየጠበቅሁ? ይመር በሕይወት ቢኖር ይህን ከልጁ አፍ ይሰማ ነበር? ዘመድ ከዘመድ የምትለይ ሴት ሆነሻል ለካ።»

«አፉ ይበሉኝ» አለች ከይሪያ ደግማ። ሌላ ምክንያት አላቀረበችም። ሽማግሌው ሳይሰናበት ዘጋው።

ወሬው ዛሬውኑ ሐርቡ እንደሚገባ ሁለቱም ያውቃሉ፤ በሚቀጥለው ለቅሶ ላይ ሴቶቹ ከይሪያን አይተው እንደሚንሾካሾኩም ያውቃሉ። ከይሪያ ጆሮዎቿ ቀልተዋል። ለሃያ ዓመት እህል እያበላች፣ በሽተኛ እየጠየቀች የሠራችውን ስም በአንድ ስልክ ጥሪ አውጥታ ሰጥታለች።

«አልዋሸሁም» አለች፣ ነገሩ ስላሳሰባት። «መጀመሪያ እንዳትሄጂ ብዬሻለሁ። ከዚያ ነው ለእሱ ብያታለሁ ያልኩት።»

«አልዋሸሽም» አለች ዘሀራ።

«በይ እንግዲህ። አላህ መንገዱን ያግራልሽ። ስትደርሺ አትደውዪልኝ፣ እኔም አልደውልም። አራት ቀኑ ሲያልቅ ንገሪኝ።»

ያን ጊዜ ዘሀራ አለቀሰች። ለእናቷ አልቅሳለች፣ የወንድሟ ትዳር ሲፈርስ አልቅሳለች፤ የራሷ ትዳር የፈረሰ ጊዜ ግን ከይሪያ ነፍሰ ጡር ስለነበረች እንዳትደነግጥባት ብላ ውጣው ነበር። አሁን ሁሉም ባንድነት መጣ። ከይሪያ ተጠግታ አጠገቧ ተቀመጠችና እስክትጨርስ ድረስ ምንም አልጠየቀቻትም።