በመዶሻ የሚመታው መፍቻ

መርዶውን ሊነግሩኝ ጎህ ሲቀድ መጡ። የባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ሰዎችና የጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራፌ ላይ ቆመው ሳያቸው፣ አዲስ አበባ ከተውኋቸው ከእናቴና ከወንድሜ አንዳቸው እንደሌለ ዐወቅሁ። ባለቤቴ ወሬውን ማታውን በስልክ ሰምቶ፣ እንደ ወጉ፣ እራቴን በሰላም እንድበላ ብሎ ደብቆኝ አድሮ ኖሯል። የምንኖርበት ጎሬ ከየካ ሩቅ ነው፤ ቢነግረኝም ለቀብር አልደርስም ነበር።

አንድ ሽማግሌ ወደ ፊት ወጡና፣ «ልጄ፣ የእግዜርን ሥራ ማን ይከለክላል። ወንድምሽ በኅዳር ሚካኤል ዕለት አረጋውያን አሳፍሮ የየካን ቁልቁለት ሲወርድ የመኪናው ጎማ ወለቀ። ሌላው ሰው ቆስሎ ተርፏል፤ እሱ ግን…» አሉኝ።

ከአፌ የወጣው ለቅሶ አልነበረም። «ጎማውን አጥብቆት ነበር?» አልሁ።

«ወይ አበሳዬ፣ አእምሮዋን ነካት!» አለች አንዷ ሴት።

አእምሮዬን አልነካኝም። ያን የጎማ መፍቻ ሲመርጥ አብሬው ስለነበርሁ ነው።

ቤታችን ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሐል ነበር። ታላቅ ወንድሜ የመንግሥት ጸሐፊ ሆኖ ሳለ ልቡ ያለው መኪና ላይ ነበር፤ አንዲት ያረጀች ባለ ክፍት ጀርባ መኪና ገዝቶ በግቢያችን ግንብ ሥር አቆማት። ሁሉንም ነገር ራሱ ይፈታታል፣ ራሱ ይገጥማል። ያቃተው የጎማው ቡሎን ብቻ ነው። ከዝገቱ የተነሣ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኖ፣ ተራ መፍቻ እያንሸራተተ ጣቱን ይልጠው ነበር።

እኔ ባል ከማግባቴ በፊት በነበረው ክረምት፣ ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ አሮጌ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጡ ሽማግሌ አብረን ሄድን። በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል ይባላል።

«አባባ፣ ያ ትልልቅ ጋራዥ ያለው፣ ድርርር እያለ በአየር የሚፈታው መፍቻ የለዎትም?» አላቸው ወንድሜ።

«አየሩን የሚነፋለት ሞተር አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው የእንጦጦን ነፋስ በጆንያ ሞልተህ ና፤ ያኔ እሸጥልሃለሁ።»

ስቀን ሳንጨርስ ሁለት መፍቻ አውጥተው ከፊታችን ዘረጉ። አንዱ ክንዱ ረጅም ነው፤ ሰውነትን ጥሎ፣ ተጭኖ ነው የሚፈቱበት፤ ድምፅ የለውም። ሌላው አጭር ነው፤ ራሱ ወፍራም፣ ጀርባው እንደ በቅሎ ኮቴ ደልደል ያለ፤ ቡሎኑ ላይ ሰክተው ጀርባውን በከባድ መዶሻ ይመቱታል።

«የዛገ ቡሎን ጉልበት አይፈራም፤ ምት ነው የሚፈራ» አሉ ሽማግሌው። «ብቻ ስትፈታበት ሳይሆን ስታጠብቅበት ተጠንቀቅ። እጅህ ልኩን ካላወቀ ቡሎኑን ይበጥሰዋል።»

እኔ ረጅሙን አነሣሁ። «ይኼ ይሻልሃል። ድምፅ የለውም፤ በዓል ቀን ቢቸግርህ እንኳ እማዬ አትሰማህም።»

«አንቺ ደግሞ! ነገ መዶሻውንም ጾም ታስይዥዋለሽ!» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ግን ረጅሙን ተቀብሎ በክንዱ ለካው፤ መኪናዋን ከግንቡ ጋር በልቡ አስጠግቶ ያያት ይመስላል። «ግንቡ ይኼን አያስዞረኝም» አለና አጭሩን ገዛ። ውሳኔው ትክክል ነበር። ዛሬም ስንት ጊዜ ባስበው፣ ትክክል ነበር።

በዚያው ቀን የመጀመሪያው ቡሎን ሲለቅ ወንድሜ እንደ አዳኝ ፎከረ። ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ ሁሉ ያን ድምፅ ለመደው፤ ሴቶቹ እናቴን «ልጅሽን ጽሕፈት አስተምረሽ ቀጥቃጭ ወጣልሽ?» እያሉ ያበሽቋት ነበር። እሷ ትስቅ ነበር። የማትስቅበት አንድ ነገር ብቻ ነበራት። የበዓል ዋዜማ ደወል ከተደወለ በኋላ በቤታችን ብረት በብረት አይመታም። «ጌታዬን ሲቸነክሩት የተሰማው ድምፅ ነው» ትል ነበር። መኪና መንዳቱን ግን አትከለክልም። ወንድሜ በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል፣ ከእንጦጦ በኩል ካለው ዳገት መራመድ ያቃታቸውን አረጋውያን ወደ ቤተ ክርስቲያን ያወርዳል፤ ይህ በእሷ ዘንድ ሥራ ሳይሆን አገልግሎት ነው። መንዳት ጽድቅ፣ መምታት ኃጢአት። በዚህ ሕግ አደግን፤ ማናችንም እንግዳ ነው ብለን አናውቅም።

ለተዝካሩ ስደርስ እናቴ የምታውቀውን ነገረችኝ። በዋዜማው ጎማው ተንፍሶበት፣ ለጥፎ መልሶ አስገባው። ቡሎኖቹን በእጁ አሹሮ መፍቻውን ሊሰካ ሲል ደወሉ ተደወለ። መዶሻውን መሬት አስቀምጦ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ አማተበ። እሷም ደስ ብሏት ወደ ማሕሌቱ ሄደች፤ እዚያው አደረች። ማለዳ ሲወጣ ያየው ሰው የለም።

ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ወሬ ነበር። «ሳያጠብቅ ነው የወጣው፤ በሽማግሌ ነፍስ ቀለደ» ይላል አንዱ። «የለም፤ በመልአኩ ቀን ብረት መትቶ ተቀሠፈ» ይላል ሌላው። እናቴ ወጥ ስታማስል ሁለቱንም ሰማች። እኔ ሦስተኛ ነበረኝ፦ መትቶ፣ እጁ ልኩን አልፎ ቡሎኑን በጥሶት እንደሆነስ? ቡሎኖቹን ለማየት ፈለግሁ። የመኪናዋ ስብርባሪ እኔ ሳልደርስ ተለቅሞ ተሸጦ ነበር። መፍቻውም እንደ ወትሮው ከወንበሩ ሥር ተገኝቷል፤ ምንም አይመሰክርም።

የንስሐ አባቴ፣ በሰንበት ጉድጓድ የገባ በሬውን የማያወጣ ማን ነው ብለው አጽናኑኝ። እናቴን ግን ያጽናናት የለም። እስክትሞት ድረስ የሚካኤል ዕለት ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ታስቀድስ ነበር፤ አልገባችም። «ሕጌን ጠብቆ ከሆነ እኔ ገደልሁት፤ ሽሮ ከሆነ ደግሞ ነፍሱን አጣሁት» አለችኝ አንድ ቀን። እኔም እዚህ ጎሬ፣ በየወሩ በአሥራ ሁለት ቀን ሻማ አብርቼ ቆሜ፣ የቱ እንዲሆን እንደምለምን አላውቅም። መትቶ ቢሆን ይሻለኛል እላለሁ፤ ወዲያው ያልሁትን ፈርቼ አፌን እይዛለሁ። ዓመታቱ ሄዱ፤ ጸሎቴ ከዚያ ቃል አላለፈም።

ያን የኅዳር ሚካኤል ማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ የነበራችሁ፣ አራስ ሆናችሁም ታማችሁም ቤት የቀራችሁ፤ ከእሱ ጋር ተሳፍራችሁ የወረዳችሁ፣ ወይም አባት እናቶቻችሁ ተሳፍረው የነገሯችሁ፦ ከግቢያችን የብረት ድምፅ ተሰምቶ ነበርን? ከመነሣቱ በፊት ጎማው ሥር በርከክ ብሎ ያየው አለ? የሰማ ሰው፣ ዝምታንም ቢሆን የሰማ ሰው፣ ይንገረኝ። አዝናችሁልኝ አትደብቁኝ። እራቴን ከበላሁ ቆይቻለሁ።